ከታመሙት ተራ ያልወጣው ስም

ለታላቅ እህቴ ለኮርዲሊያ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ትንፋሽሽስ እንዴት ነው? ያ የአየር ጠርሙስ ዛሬም ከኋላሽ እየተጎተተ ነው ወይስ ሐኪሙ ትንሽ ፈታ አደረገሽ? የአሪዞና ፀሐይ ለሳንባሽ ተስማምቶት እንደሆነ በሁለት መስመር ጻፊልኝ። በስልክ ስጠይቅሽ መልስሽ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው። የእኛ ቤት ሰው ደህና ነኝ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን። የባልሽ የኦሪን ጉልበትስ? ልጅሽ ማርላ አዲሱ ሥራዋ ተመቻት? መንትዮቹስ ትምህርት ቤት ለመዱ ወይስ አሁንም በር ላይ ተጣብቀው ያለቅሳሉ?

እኔ አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ የአራቱን አጥቢያዎች የወሬና የጸሎት ወረቀት እተይባለሁ። ማክሰኞ የመጀመሪያው በረዶ ጣለ፣ ምድጃው ይሠራል፣ የጓሮውን ቧንቧ ሳይቀዘቅዝ ዘግቼዋለሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ እንዳታስቢ ብዬ ነው። ስለ ራሴ ሌላ የምጽፈው ስለጠፋኝም ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ሎይስ፣ የላክሽልኝ ወረቀት ላይ የወንድማችን ስም አሁንም ከታመሙት ጋር ተጽፏል። ቀብራችሁት የለም እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እመልስልሻለሁ። አስቀድሜ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ወሬ ልንገርሽ፣ እሱ ይቀለኛል።

ቅዳሜ የፓስቲ ሽያጭ አለ። ዘንድሮ አራት መቶ ነው የታዘዘው። አሁንም እንደ እናታችን ጊዜ ሥጋው፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱና ሩታባጋ የሚሉት ሥር በእጅ ይከተፋል፣ ሊጡ በእጅ ታጥፎበት ምድጃ ይገባል። አንዷ አዲስ ገቢ ካሮት ብንጨምርበትስ ብላ ሐሳብ አቅርባ፣ የሰደበቻት ባትኖርም ሁለተኛ አልመጣችም። ከዚያ በማግስቱ እሑድ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው። አራቱም አጥቢያዎች እኛ ዘንድ ተሰብስበው ያከብሩታል፣ በዓመቱ ያረፉት ሰዎች ስም ይነበባል፣ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ደወሉ አንድ ጊዜ ይደወላል። በሚቀጥለው እሑድ ጳጳሷ ይመጣሉ። ሦስት ልጆች ሜሮን ይቀባሉ፣ የሚያፈሰው ጣሪያችንም ይታያል። ከገና እስከ ፋሲካ ደግሞ ለማሞቂያ የሚወጣውን ዘይት ለመቆጠብ አንድ እሑድ እኛ ጋ፣ አንድ እሑድ ሐይቁ ጫፍ ባለው ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን እንድንጸልይ ተወስኗል። እማማ ዊልማ ይህን ሲሰሙ፣ «እነሱ ጋ ሄጄ ከምሞቅ እዚሁ በርዶኝ ብሞት ይሻለኛል» ብለዋል። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ እንደሚሄዱ ግን ሁላችንም እናውቃለን። መኪና ውስጥ የፊት ወንበር ከተሰጣቸው የትም ይሄዳሉ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ።

የኤሊስን ስም ከታመሙት ተራ ያስገባሁት በሰኔ ልቡ የደከመ ጊዜ ነው። ነሐሴ ሃያ ስምንት አረፈ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ቀበርነው። ሐሙስ ደረሰ፣ ወረቀቱን ልተይብ ተቀመጥኩ። አሠራሬን ታውቂዋለሽ። ያለፈውን ሳምንት አወጣለሁ፣ ቀኑን እቀይራለሁ፣ ያለፈውን ዝግጅት አጥፍቼ የሚመጣውን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ስሞቹ ጋ እደርሳለሁ። የዳነውን አወጣለሁ፣ የሞተውን ከታች ካረፉት ጋር አደርጋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረግሁት ነው፣ የአባታችንንም ስም ያወረድኩት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ግን ስሙ ላይ ደረስኩና እጄ እምቢ አለ። አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም፣ ክፉውም ደጉም። ጣቴ ብቻ ቆመ። እንዳለ ተውኩትና አተምኩት።

እሑድ ቄስ ማርጊት አነበበችው። ማርጊትን ታስታውሻታለሽ፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳዋ። ደመወዝ የሚከፈለው ቄስ ካጣን ወዲህ ከመሃላችን መርጠን ያስቀሰስናት እሷን ነው። ከአምስት ቀን በፊት አፈር ያለበሰችውን ሰው ስም ወረቀቱ ላይ ስታይ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ «ስለ ኤሊስ ጤና» ብላ አነበበች። ሕዝቡም «ጌታ ሆይ፣ ጸሎታችንን ስማ» አለ። ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ እጄን ይዛ፣ «የጻፍሽውን አነባለሁ። አንቺ እስክትለውጪው እኔ አልለውጠውም» አለችኝ። ሌላ ሰው ትንፍሽ አላለም። እንደዚህ ሆነን ስምንት እሑድ ለሞተ ሰው ጤና ጸለይን። ሌሎቹ ሦስት አጥቢያዎችም ያው ወረቀት ነው የሚደርሳቸው፣ እነሱም ጸለዩ። እርም ማውጣት የሚሉት ነገር እኔ ዘንድ አልደረሰም፣ እታለም። ሰው ሁሉ ያዝንልኝ ነበር፣ እኔ ግን የሚታዘንለት ሰው የት እንዳለ አላውቅም ነበር።

እስካሁን የጻፍኩልሽ ማንንም አልጎዳም። የሚያሳፍረኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

የኤሊስን ጓደኛ ዋልፍሪድን አትረሺውም፣ ማዕድን መጫኛው ወደብ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት አብረው የሠሩትን። ቅዱስ ዮሐንስ ነው የሚያስቀድሰው። በጋውን ልጁ ጋ ዊስኮንሲን ሄዶ ዳሌውን ሲታከም ስለከረመ፣ ያረዳው ሰው አልነበረም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ተመለሰ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ወረቀቱን አነሳ፣ ኤሊስ ታሟል የሚል አየ። ሮብ ዕለት አርባ ማይል ነድቶ፣ የዓሣና የድንች ሾርባ በወተት ሠርቶ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልሎ የእኔና የኤሊስ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። «ሰውዬው የት አለ? ረሳኝ ብሎ ተቀይሞ ይሆናል። ዳሌዬን ሲበሱኝ ከርመው ነው በይው» አለኝ።

«ተኝቷል» አልኩት።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እሱም ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲያ አትቀስቅሺው፣ እንቅልፍ መድኃኒት ነው» አለና ወጥ ቤት ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሙሉ በሹክሹክታ አጫወተኝ። ኤሊስ አንድ ክረምት ባርኔጣውን ነፋስ ወስዶበት እስከ ሐይቁ በረዶ ድረስ እንዴት እንዳሯሯጠው እየነገረኝ፣ ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ይይዝ ነበር። ሲወጣ የኤሊስ ክፍል በር ተዘግቶ ስላየ፣ በዚያ በታመመ ዳሌው፣ ከዘራውን አንጠልጥሎ በእግሩ ጣት ጫፍ አለፈ። እኔ ቆሜ አየሁት። አሁንም ምንም አልተሰማኝም። ድስቱን ከፍቼ በላሁ። ማታም በላሁ፣ በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀን ጨረስኩት።

ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ ለፓስቲው ሥራ ምድር ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። አሥራ ሁለት ሰው ነበርን። እኔ ሩታባጋ እከትፋለሁ፣ ማርጊት ሊጥ ትዳምጣለች፣ እማማ ዊልማ ጠርዙን ይቆነጥጣሉ። እንደ ድሮው የሚበላው ሰው ስም መነሻ ፊደል ሊጡ ጥግ ላይ ይወጣ አይውጣ የሚል ክርክር ተነስቶ ሳለ፣ እማማ ዊልማ ቀና ብለው፣ «ሎይስ፣ ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ እስኪነሳ ድረስ ነው እንዴ የምንጸልይለት?» አሉኝ።

ማርጊት «እማማ ዊልማ!» ብላ ጮኸች።

«ምን እማማ እማማ ትይኛለሽ! አልዓዛር እንኳ በአራተኛው ቀን ወጥቷል፣ የኛው ሁለት ወሩ። ሰማይ ቤት መጣ ብለው መዝግበውት፣ እኛ እዚህ ማርልን እያልን ግራ እናጋባቸዋለን!» አሉ። ከዚያ ሊጥ ባለበት እጃቸው ክንዴን ያዙና ድምፃቸውን አለሰለሱ። «እኔም የባሌን የሃርቪን ጫማ አራት ዓመት ከበሩ አላነሳሁም። ግን ለጫማው ሕዝብ አላስጸለይኩም» አሉኝ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ሳቁ ሳይበርድ ደግሞ አፌ እንዲሁ ተከፍቶ፣ «ዋልፍሪድን ተኝቷል አልኩት» አልኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ማርጊት መዳመጫውን አስቀምጣ፣ «ሎይስ፣ እሑድ እኮ አራቱም አጥቢያ እዚህ ነው። የኤሊስ ስም ሲጠራና ደወሉ ሲደወል ነው ዋልፍሪድ የሚሰማው?» አለችኝ። እማማ ዊልማም፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ አንቺ ግን ሌላው ሳያጠራልሽ ቅደሚ» አሉ።

ትናንት ባዶውን ድስት አጥቤ፣ ሁለት ፓስቲ ጨምሬ ዋልፍሪድ ቤት ሄድኩ። መንገዱ ገና አልተጠረገም ነበር፣ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ስደርስ በር ከፍቶ «ግቢ ግቢ፣ ሰውዬው እንዴት አደረ?» አለኝ። ከተቀመጥኩ እንደማልናገረው ስላወቅሁ በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ «ዋልፍሪድ፣ ኤሊስ ሞቷል። ነሐሴ ሃያ ስምንት ነው የሞተው» አልኩት። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር። ለአንቺም በስልክ «አረፈ» ነበር ያልኩሽ፣ ለቀባሪው «አለቀ» ነበር ያልኩት።

ድስቱን ተቀብሎ ይዞት ቆመ። «ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ያንሾካሾክኩት ለማን ነው?» አለኝ።

«ለእኔ» አልኩት።

«ሾርባውንስ ማን በላው?»

«እኔ።»

«ያን ሁሉ?»

«ያን ሁሉ። ሦስት ቀን በላሁት።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ በተሰደብኩም ደስ ባለኝ። እሱ ግን ድስቱን አየት አድርጎ፣ «እንግዲያስ ለታመመው ሰው ደርሷል» አለና ተቀምጦ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፣ እጁ አካፋ ያህላል፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። እኔ ፎጣ አቀበልኩት። የእኔ ዓይን እንደደረቀ ነው፣ እታለም፣ አልዋሽሽም። ወንበር ስቤ ግን አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከኤሊስ ቀብር ወዲህ ሰው አጠገብ ስቀመጥ ሰው መሆኑ የተሰማኝ ያኔ ነው። በኋላ ፊቱን ጠርጎ ደወሉን ማን እንደሚደውል ጠየቀኝ። ሠላሳ ዓመት የደወለው ኤሊስ ስለነበረ እስካሁን ማንም አልተመደበም። «እኔ እደውላለሁ» አለ። ዳሌህስ ብለው፣ «ገመድ የሚጎተተው በዳሌ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ወረቀቱን ተይቤ ጨርሻለሁ። የኤሊስን ስም ወዳረፉት ተራ አውርጄዋለሁ። ዘንድሮ ከአራቱም አጥቢያ አምስት ሰው ነው፣ እሱ አራተኛ ይነበባል። እሑድ ከአምስት ሰዓት ረፋድ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የሚሆነው። ቅዳሜ ለእሑድ የእኛ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስና የእናንተ ስለማይነካ፣ በእናንተ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን አጥፊና ዝም ብለሽ ተቀመጪልኝ። ለቀብሩ መምጣት አልቻልሽም፣ ይህኛው ላይ ግን አብረሽን ትሆኛለሽ።

ኦሪንን ሳሚልኝ፣ ደረጃ እየወጣ ጉልበቱን እንዳያደክም ተቆጪልኝ። ማርላን አክስትሽ ኮራችብሽ በያት። ለመንትዮቹ ከኤሊስ መሣቢያ ያገኘሁትን ሁለት የመዳብ ድንጋይ ልኬላቸዋለሁ፣ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ በሚዛን መርጬዋለሁ። ሐኪም ቤት ለምታመላልስሽ ጎረቤትሽም ስሟን ባላውቀውም ሰላምታዬ ይድረሳት። እማማ ዊልማ፣ «ያቺ ፀሐይ አገር የገባች እህትሽ መቼ ነው በረዶ የምትጠርገው?» ብለውሻል። ማርጊትም ሰላም ብላለች።

ወረቀቱን ከደብዳቤው ጋር አጥፌ አድርጌልሻለሁ። የታመሙትን ተራ ስታነቢ እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ። ኤሊስን ሳነሳው ቦታው ክፍት ሆኖ ታየኝ፣ ብዙ አየሁት፣ ከዚያ እዚያው ላይ «ሎይስ» ብዬ ጻፍኩ። እሑድ ማርጊት ታነበዋለች። አንቺም ጸልዪልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ሎይስ ትሬምባዝ

ፔንሮዝ፣ ሰሜን ሚሺጋን
ሐሙስ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.