ወደ ሰማይ አይተኮስም

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ሐሙስ ከኤርፖርት ሥራ ስወጣ ደን ጠባቂዎች ቢሮ ደውዬ፣ ዒላማ መተኮስ የት እንደሚፈቀድ ጠይቄያለሁ። ካርታውንም ፕሪንት አድርጌያለሁ። ታዲያ ዛሬ ጥፋተኛዋ እኔ የሆንኩት በምን ሒሳብ ነው?

ከምንኖርባት ከተማ ከኦሮራ በጠዋት ወጣን፤ እኔ፣ ባሌ ዳዊትና አጎቱ ጋሽ መኩሪያ። ከመጀመሪያው ቦታ፣ በምንተኩስበት አቅጣጫ የእግረኛ መንገድ ስላየሁ መለስኳቸው። ዳዊት አጉረመረመ። ሁለተኛው ቦታ ጥይት የሚያቆም ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ነበረው፤ የወረቀት ዒላማችንን ከፊቱ ተከልን።

ጋሽ መኩሪያ በመጀመሪያው ጥይት መሃሉን በሱት። ደስታቸው ገንፍሎ፣ አገር ቤት፣ ጎጃም ሠርግ ላይ እንዳሉ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሱት።

«ጋሼ፣ ያውርዱት!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ነሽ ጠመንጃ የምታስተምሪኝ? እኔ እኮ አንቺ ሳትወለጂ ነው የተኮስኩት!»

«ጥይቱ ማን አናት ላይ እንደሚወርድ ይንገሩኝና ይተኩሱ።»

አወረዱት። ከዚያ በኋላ አልተኮሱም፤ የጥይቱን ቀለህ ስለቅም ቆመው አዩኝ።

ቤታቸው ካደረስናቸው በኋላ ዳዊት «ሽማግሌ አዋረድሽ፤ ነገ ይቅርታ ጠይቂያቸው» አለኝ። «ከጉብታው ማዶ ልጆቹን ይዞ ድንኳን የተከለ ሰው ቢኖርስ?» አልኩት።

ነገ ቤተ ክርስቲያን ሳገኛቸው ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን እስማለሁ፤ ትልቅ ሰው ናቸው። ይቅርታ ግን ከአፌ አይወጣም። ጠመንጃው የእኔ ነው፤ ጥይቱ ሰው ቢመታ የምጠየቀውም እኔ ነኝ።