የናፈቀሽ ጨዋታ የትኛው ነው?

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሰላምታው በፊት ልብሽ እንዲያርፍ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይህ የክፉ ወሬ ደብዳቤ አይደለም። የታመመም የሞተም የለም። የምጽፍልሽ ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ ያ ጨዋታ እንዴት እንደናፈቀኝ» ካልሽ በኋላ መስመሩ ተቋርጦ ሳይብራራ የቀረውን ነገር ለማጣራት ነው። በዚህች በአንዲት ቃል የተነሳ እኔና እናትሽ አልተስማማንም፤ ፈራጇም አንቺ ብቻ ነሽ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽልኝ የእኔ እናት? ወገብሽን ያመመሽ ተሻለሽ? እንቅልፍስ ትተኛለሽ? አለቃሽ ጠባይዋ ለሰስ አለ ወይስ ያው ናት? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ሲለው ያማታል፣ ሲለው ይተዋታል። እኔን ደግሞ «ጡረታ የወጣው ከማስተማር እንጂ ከማረም አይደለም» እያለች ለጎረቤት ታማኛለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። «ጨዋታ» ስትይኝ እኔ የተረዳሁት ክፍልሽ ውስጥ ትተሽው የሄድሽውን ኮምፒውተር፣ በውስጡም ያለውን የወንበዴውን ጨዋታ ነው። ተማሪ ሳለሽ እሱ ፊት ከተቀመጥሽ ለራት እንኳ ስንት ጊዜ ተጠርተሽ ነበር የምትነሺው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ በስልክ የምንባባለው «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ»፣ «በላሽ?» «በላሁ» ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ አንዳችን የሌላችንን ትንፋሽ እናዳምጣለን። በዚሁ ከቀጠለ ድምፅሽም እንደ አካልሽ ሊርቀን ነው። የናፈቀሽን ነገር ባውቅልሽ ግን የምናወራው አናጣም።

አቧራውን ጠርጌ የኮምፒውተር ጠጋኙን አስጠራሁ። ታስታውሺዋለሽ፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን ያወጣ ስለነበር «ችኩሉ» ያልኩት ተማሪዬ ነው። ዛሬ የራሱ ሱቅ ያለውና የሁለት ልጆች አባት ነው። ማሽኑን ከቀሰቀሰልኝ በኋላ የወንበዴውን ጨዋታ አስተምረኝ ስለው፣ አንዴ እኔን አንዴ እናትሽን አየ።

ታሪኩን አንቺ ብታውቂውም፣ በትክክል መረዳቴን እንድታርሚልኝ ልድገመው። ሰውዬው ባንክ አብረውት የዘረፉ ጓደኞቹ ከድተውት ታስሮ ኖሮ ይፈታል። በአውቶቡስ ወደ ትልቅ ከተማ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሚያዝዘው የለም። ከፈለገ የመንገድ ስልክ እያነሳ ከወንበዴ አለቆች ሥራ ይቀበላል፤ ካልፈለገ ቀኑን ሙሉ ከተማውን ሲዞር ይውላል። ከተማው በውሃ ለሁለት ተከፍሏል፤ ድልድዩ ግን ታሪኩ እስኪገፋ ድረስ ዝግ ነው። ይህ አሠራሩ ደስ ብሎኛል። ብዙ መምህር እንዲህ ያለ ትምህርት ማዘጋጀት አይችልም።

ችግሩ ከሥራው ላይ ነው። ችኩሉ መኪና እንዴት እንደሚነጠቅ አሳየኝ፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ሹፌሩ እንደ ጆንያ ተወርውሮ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። የሰው ንብረት ነው አልኩት። «ቲቸር፣ ሰው እኮ አይደለም፣ ሥዕል ነው» አለኝ። ሥዕልም ቢሆን እያየሁ አልሰርቅም ብዬ በእግሬ ሄድኩ። አንድ አለቃ ከወደቡ ጥቅል ወስጄ ለአንድ ሥጋ ሻጭ እንዳደርስ አዘዘኝ። በየመብራቱ እየቆምኩ፣ በዜብራው እየተሻገርኩ ስሄድ ሰዓቱ አለቀብኝና ተሰደብኩ። ችኩሉ ሳቁን መያዝ አቅቶት «ቀይ መብራት የሚያከብር ወንበዴ ገና ዛሬ አየሁ» አለ። እናትሽ ከበሩ ላይ ሆና «ተወው፣ ጨዋታው ውስጥ ጨዋ ገብቶበት ነው» አለችው።

በሌላ ቀን ሹፌር የሌለበት ታክሲ ቆሞ አገኘሁና፣ ትንሽ ነድቼ ወደ ቦታው ልመልሰው ብዬ ገባሁበት። ወዲያው የፖሊስ መኪና ገጨሁ። ስህተት ስለነበር ወርጄ ለማስረዳት ቆምኩ። አንድም የጠየቀኝ የለም፤ አጋድመው አሰሩኝ። እናትሽ ይህንን ለሰፈሩ ሁሉ ስለነገረች አሁን ዳቦ ልገዛ ስወጣ «እንዴ፣ ተፈቱ?» ይሉኛል።

ልጄ፣ እስካሁን የነገርኩሽ የሚያስቀውን ነው። አንድ ነገር ግን ከሰውዬው አይቼ ከልቤ አልወጣ አለኝ። አንድ ቃል አይናገርም። አለቆቹ ያዝዙታል፣ ይሰድቡታል፣ አንዳንዴም ያመሰግኑታል፤ እሱ ሰምቶ ይሄዳል። ያን በሚያህል ከተማ ውስጥ «እንዴት ዋልክ?» የሚለው የለም። ሥራውን ሲጨርስ ወደ ጠባቡ ክፍሉ ይገባል፣ ይተኛል፣ ይነሳል። ይህንን እያየሁ ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ። አንቺም እዚያ ለሥራ በሄድሽበት እንዲህ ትውይ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ታዝዘሽ፣ ሰምተሽ፣ ሠርተሽ፣ ያለ ጨዋታ ወደ ክፍልሽ ትገቢ ይሆን?

በማግስቱ ችኩሉ ኮምፒውተሩ መዝግቦ ያቆየውን፣ አንቺ ጨዋታውን ያቆምሽበትን ቦታ ከፍቶ አሳየን። አልነካሁብሽም፣ አይቼ ብቻ ነው ያስዘጋሁት። ያንቺ ሰውዬ ድልድዩን ተሻግሮ ከማዶ ነው ያለው። ቀይ መኪናውን ከጎኑ አቁሞ፣ ውሃው ዳር ቆሞ፣ ወደዚህ፣ እኔ ገና ድልድዩን ሳልሻገር ወዳለሁበት ሰፈር ያያል። የሚያባርረው ፖሊስ የለም፣ የተሰጠው ሥራ የለም። ችኩሉ ምንም በሌለበት ቦታ ለምን እንዳቆምሽው ሊገባው አልቻለም።

ለእናትሽ ግን ገባት። ሽንኩርት የምትልጥበትን ቢላዋ እንደያዘች መጥታ ስታይ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ሰው፣ ልጅቷ ናፈቀኝ ያለችህ ይሄንን አይደለም። አንተ ፈተና እያረምክ ወሬ ስትጀምርላት፣ ሰውዬውን እዚያ ማንም የማይነካው ቦታ ታቆመውና ወንበሯን ወዳንተ ታዞር ነበር። ስትጫወቱ እኮ ነበር የምታመሹት።»

እውነቷን ነው። የወንበሩን ሲጥሲጥታ አስታወስኩ። እኔ ተማሪዎች የጻፉትን ጉድ ሳነብልሽ፣ አንቺ ስትስቂ፣ ከኋላሽ የውሃው ድምፅ ይሰማ ነበር። ያኔ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄሽ አላውቅም።

ቢሆንም ጥያቄ ያለ መልስ አይዘጋምና አንቺው ንገሪኝ። የናፈቀሽ የኮምፒውተሩ ጨዋታ ከሆነ፣ ሰው ሳልገድል ድልድዩ የሚከፈትበት መላ ካለ ጻፊልኝና ወደ ድልድዩ እየተጠጋሁ እጠብቅሻለሁ። የናፈቀሽ የእኛው ጨዋታ ከሆነ ደግሞ፣ «ደህና ነኝ»ን ትተሽ የዋልሽበትን ጻፊልኝ፤ አለቃሽ ምን እንዳለችሽ፣ አንቺ በልብሽ ምን እንደመለስሽላት። እኔ በበኩሌ የማወራው ሞልቶኛል፤ ታስሬ ተፈትቻለሁ።

እናትሽ አገላብጣ ትስምሻለች፤ ጉልበቷ እንደተሻላት ንገርልኝ ብላለች፣ አንቺ ግን እንዳታምኛት። ወንድምሽ ወንበርሽን ጠግኖታል፣ ሲጥሲጥታውን ግን እንዳይነካብኝ ለምኜዋለሁ። አክስትሽ ሹራቡ ልክሽ መሆኑን ትጠይቃለች። ችኩሉ «ለእህቴ» ብሎ ሰላምታ ልኳል። አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽ፣ ላላየኋት ልጄ፣ የአባት ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

መልሱን አታዘግዪው፣ አደራ። ደብዳቤው እንደደረሰሽ፣ እዚያ የምትቀመጪበትን ወንበር እንደ ድሮው ወደኔ አዙሪና ጻፊልኝ። ሰውዬሽ እንዳቆምሽው ውሃው ዳር ቆሟል፤ ማንም አይነካውም።

አባትሽ
ከክፍልሽ፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ ከሰዓት በኋላ