ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ካስማ

ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማንም ያልነገርኩትን ዛሬ ልጻፈው። የሐይቁ ጥልቅ ቦታ የት እንደሚጀምር የሚያሳየውን ካስማ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው ጎርፍ አልወሰደውም። በጋ ላይ ውሃው ሸሽቶ ካስማው ደርቆ ቆሞ ነበር፤ ማገዶ ቸግሮኝ እኔ ነቅዬ አነደድኩት። ክረምት ገብቶ ውሃው ሲመለስ የጎረቤቴ የየሻረግ ልጅ ስንዱ ልብስ ልታጥብ ወርዳ እዚያው ሰጠመች።

ዛሬ የሐይቅ ዳር ሰፈር ማኅበራችን አዲስ ካስማ ለመትከል ወጣ። ሰብሳቢው መምህር አድማሱ፣ «እማማ፣ የድሮው የት ነበር? መቼም እርስዎ አይጠፋዎትም» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት።

የሻረግ ሳቀች። «አንች እኮ ከካርታ ትበልጫለሽ! ያኔ አንችን ጠባቂ ቢያደርጉሽ ኖሮ ልጄ…» አለችና አዲሱን ካስማ አቀበለችኝ። «አንች ያዥልኝ፣ ቦታውን የምታውቂው አንች ነሽ።»

መትተው እስኪጨርሱ ያዝኩላት።

ከድሮው ካስማ የፈታሁት ቀይ ጨርቅ፣ ባሌ ከሞተ በኋላ ብቻዬን ፊደል በለየሁበት ዳዊት ውስጥ ነው። ያነበብኩበትን ገጽ የማመለክተው በእሱ ነው። ነገ እነዚህን ወረቀቶች በጨርቁ ጠቅልዬ የሻረግ ቤት እሄዳለሁ። ወረቀቱን የምትቀበለኝ እሷ ናት። እሷ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም፤ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ የማነብላት እኔው ነኝ።