ለታየች፣ አጠገቧ ያለ ሰው ያንብብላት

ውድ እታለም ታየች፣

ማንበብ እንደማትችዪ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በየመናኸሪያው ግድግዳ ላይ የምለጥፈው፣ አንድ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ያነብልሽ ይሆናል ብዬ ነው። ከጠፋሽ ዛሬ ዘጠና አንድ ቀን ሆነሽ።

እምዬ ዓይንሽን እንዳሳክምሽ ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር ስትልክሽ «ብቻዋን አትተዋት» ብላኝ ነበር። ሐኪሙ ጠብታ አዘዘልሽና ቅዳሜ ዕለት ልንገዛ ወጣን። ፒያሳ ላይ አብረውኝ የሚያስተምሩ መምህራን አገኘን። አንቺ እንደ ልማድሽ የማታውቂያቸውን ሁሉ ተራ በተራ አቅፈሽ ሳምሽ። መምህርት ኤሌኒ «እህትህ ናት?» አለችኝ። አፈርኩ። እንዳይገባሽ ብዬ በእንግሊዝኛ «ሲሊ ናት» አልኳቸው። ቂል ናት ማለቴ ነበር። ከኤሌኒ በቀር ሁሉም ሳቁ። አንቺም ያመሰገንኩሽ መስሎሽ አብረሽ ሳቅሽ።

ከዚያ ፋርማሲው በር ላይ አቁሜሽ ከእነሱ ጋር ማኪያቶ ልጠጣ ገባሁ። እምዬ ይህን አታውቅም፤ ግርግር ነጠቀኝ ነው ያልኳት። ስመለስ የለሽም።

«ታየች! ታየች!» እያልኩ እስከ ቅዳሜ ገበያ ሮጥኩ። ሰዉ «የት? የት ታየች?» እያለ ይከተለኛል። «ስሟ ነው! ስሟ ነው!» እያልኩ መሀል መንገድ ላይ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ማስተማር ሲያቅተኝ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያን ቃል ከትልቁ መዝገበ ቃላት ፈለግሁት። በጥንቱ እንግሊዝኛ የተባረከ፣ ደስተኛ ማለት ነበር። እያደር ክፋት የማያውቅ ማለት ሆነ። ቆይቶ ምስኪን። ምስኪንን ደግሞ ማን ያከብራል? መጨረሻው ቂል ሆኖ ቀረ።

ለአጎታችን ለመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ነገርኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ይገርምሃል?» አሉኝ። «የእኛስ የዋህ? ወንጌሉ ብፁዓን የዋሃን ይላል። ገበያ ላይ ግን የዋህ ነህ ካሉህ፣ ለመታለል የተመቸህ ነህ ማለት ነው።»

ሊያጽናኑኝ ነበር። እኔ ግን ያን ቃል ስናገር የተባረከች ማለቴ አልነበረም፤ ምን ማለቴ እንደነበር አውቀዋለሁ።

እታለም፣ እምዬ እርሻ ስትውል አዝለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። በሰባት ዓመቴ «ቂሏ» ያለሽን ጎረምሳ በድንጋይ ፈንክቼ ተገርፌልሻለሁ። ያ ልጅ የት እንደሄደብኝ አላውቅም። ፊደል ቆጥሬ፣ ደመወዝተኛ ሆኜ፣ በአንቺ ማፈር ተማርኩ።

ሳንጃ ታይታለች ብለውኝ ሄጄ ነበር፤ ሌላ ሴት ሆና አገኘኋት። ትናንት ደግሞ አንድ ሹፌር አንቺን የመሰለች አዲ አርቃይ መንገድ ዳር አየሁ አለኝ። ልቤ አላመነውም፤ ግን ሐሙስ እወርዳለሁ። ይህን ከመለጠፌ በፊት ለእምዬ እውነቱን እነግራታለሁ። ብትረግመኝም ይገባኛል።

ይህን የምታነብላት ሰው ሆይ፣ ታየች ራበኝ፣ በረደኝ አትልም። ሳትጠይቅ አብላት፣ ሳትጠይቅ አልብሳት። ግራ ዓይኗ አያይም፤ በዚያ በኩል መኪና ሲመጣ ወደ ዳር ሳብልኝ። ከፎቶዋ ሥር ባለው ስልክ ደውልልኝ፤ እስክደርስ ድረስ በሰማይ በምድር አደራህን።

ታናሽ ወንድምሽ ወንዴ