ገዳዩን አወቅነው፣ አባዬ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ቪዲዮ ቤትህ የስልክ ከቨር መሸጫ ሆኗል፤ የምሸጠውም እኔው ነኝ። ዱባይ ተራ ዕቃ ላመጣ ስሄድ ያንተን አከራከር እሞክራለሁ፣ ይስቁብኛል።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። ያንን የእንግሊዝ ፊልም ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት! ጥቁርና ነጩን፣ ሀብታሙ ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ተገድሎ የሚገኝበትን። ከነመጨረሻው።

መጨረሻውን ያጠፋኸው መቼም አንተው ነህ። የአጎቴን ሠርግ ስትቀርጽ መልሱ ላይ ካሴት አለቀብህና፣ ያንኑ የፊልም ካሴት ወደ ኋላ ሳታጠነጥን ካሜራው ውስጥ ከተህ መጨረሻው ላይ ቀረጽክበት። ከዚያ በኋላ መርማሪው ሰዉን ሁሉ ሳሎን ሰብስቦ ጣቱን ወደ ገዳዩ ሲቀስር፣ አጎቴ በካባ እየጨፈረ ከች ይላል። ያየው ሁሉ ገዳዩ ሙሽራው ነው እያለ በሳቅ ይሞት ነበር።

አንተና ጎረቤትህ ጫማ ነጋዴው ጋሽ ሱልጣን ግን በዚህ ነገር ቀልድ አታውቁም። አንተ አትክልተኛው ነው ትላለህ፣ እሱ ሐኪሙ ነው ይላል። ለፋሲካ እኛ ቤት ሲመጣ ክርክር፣ ለኢድ እሱ ቤት ስንሄድ ክርክር። ሆስፒታል ሊጠይቅህ ሲመጣ እንኳ፣ ኦክስጅን አፍንጫህ ላይ ተሰክቶ፣ መስኮቱ ሥር ስለወደቀው ጓንት ስታስረዳው ነበር። እማዬ ሁለታችሁንም ተቆጣች።

ፊልሙ መገኘቱን ስነግረው ጋሽ ሱልጣን ደስ አላለውም። ሳምንቱን ሙሉ ሱቄን በሩቁ ሰላም እያለ አለፈ። ባለፈው እሑድ ግን በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ብርቱካን ይዞ ቤት መጣ። አብረን አየነው። መርማሪው ጣቱን ቀሰረ።

ሐኪሙ ነው፣ አባዬ። ተሸነፍክ።

ጋሽ ሱልጣን ይፎክራል ብዬ ስጠብቅ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣ አሁን ይህን ለማን ልንገረው አለኝ። ያኔ አለቀስኩ። በጣም ናፍቀኸኛል።

ትንሽ ቆይቶ ግን ፊልሙ ላይ ተነሳበት። ሐኪሙ በዚያ በሚያነክስ እግሩ እንዴት አድርጎ መስኮት ይዘላል? ጓንቱስ የአትክልተኛው አይደለም እንዴ? እነዚህ ሰዎች ፊልም ሲሠሩ ተሳስተዋል! ያንተን ክርክር ቃል በቃል፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ። እኔ ምን ላድርግ? አንድ ሰው መከራከር ነበረበትና የሐኪሙን ነገር ያዝኩ። እማዬ ሁለታችንንም ተቆጣች።

ለመጪው እሑድም ቀጠሮ ይዘናል። እንግዲህ ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም። ቃል የምገባልህ አንድ ነገር ነው፤ ጋሽ ሱልጣንን መቼም አላሸንፈውም።

ልጅህ ማርታ