ዘሀራ፣ ሳይጠየቅ እሺታ የለም

የልጆቼ እናት ዘሀራ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከተለየሽን ሁለት ክረምት አልፎ የሦስተኛው ዝናብ ሰፈራችን ጉምቦ ላይ እየወረደ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያመኛል፣ ምላሴ ግን እንደምታውቂው ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ልጃችን ሰዓዳ ናት። አንዲት ቃል እንዳትቀንስ፣ አንዲት ቃል እንዳታሳምር አስምያታለሁ። ስለ ራሷ የማወራው ስለሚበዛ ገና ሳልጀምር እየሳቀች ነው።

ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ያ ስንት ዓመት አሠራው እያልሽ የጨቀጨቅሽኝ ጥግ አሁን ጠብ አይልም። ያሠራሁት አንቺ ስላልሽ አይደለም፣ እኔ ስለፈለግኩ ነው። ጁባ ታውን ያለው ሱቅም እንዳለ ነው። ዕድሜዬን ሃያ ዓመት ቀንሶ የሚገምትልኝ ደንበኛ አግኝቻለሁ፤ አልከራከረውም።

ሰዓዳ ፊዚክስ ማስተማሯን ቀጥላለች። ድሮ ባንቺ ላይ ትለማመደው የነበረውን ትምህርት አሁን የምትለማመደው በኔ ላይ ነው። ዘንድሮ ኳንተም የሚባል ይዛ መጣች። ከትቢያ እጅግ ያነሰ ኤሌክትሮን የሚሉት ነገር አለ፣ ሳይለኩት በፊት እዚህ ነው እዚያ ነው አይባልም አለችኝ። ምን ይደንቃል፣ መጋዘኔን ካልከፈትኩ ስኳሬንም አላየው፣ ስኳሩ ግን ያለበት አለ አልኳት። አይ አባ፣ አለች፣ ስኳሩ ቦታ አለው፣ ያላየኸው አንተ ነህ። ኤሌክትሮኑ ግን ሳይለካ ቁርጥ ያለ ቦታ የለውም፤ እዚህም እዚያም የመገኘት ዕድሉን ይዞ ነው የሚቆየው። ቁርጡ የሚለየው ሲለካ ነው። አለካክህም በመልሱ ውስጥ እጁ አለበት። ሊቃውንቱ ራሳቸው እስከ ዛሬ ይጣሉበታል አለችኝ። ሊቃውንት የሚጣሉበትን ታዲያ በኔ ራስ ላይ ለምን ትጭኛለሽ አልኳት።

አላህ ያውቀዋል ስላት፣ አላህ የሚያውቀውን አልነካሁም፣ የማወራው ሰው ስለሚያውቀው ነው አለች። ሻይ አስቀዳሁ።

አልተውኳትም ደግሞ። ሁሉ ነገር አስቀድሞ ካልተቆረጠ፣ ሰው እንደፈቀደ ያድራል ማለት ነው? ብዬ ያዝኳት። እሱም አይደለም አለች። በዕጣ የወጣ ነገር ፈቃድ አይባልም፣ የመረጠው ዕጣው ነው፣ አንተ አይደለህም። ታዲያ ፈቃድ ከየት ይመጣል? እሱን ፊዚክስ ገና አልነገረንም አለች። ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ! አልኳት። ዝናቡን አልፎ ሳቋ ጎረቤት ተሰማ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። ሸሪካት ሰፈር ያለውን ሐጂ ኑሩን፣ ጅምላ ሻጩን ታውቂዋለሽ። ልጄ ኢድሪስ ሰዓዳን ይፈልጋል አለኝ። ልጁ ደህና ነው፤ አይቅምም፣ ሰላት አያልፈውም። ራት ላይ ነገርኳት። ጉርሻዋን ዋጠች፣ ዝም አለች፣ የተማሪዎቿን ወረቀት ማረም ጀመረች። የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው፤ አባቶቻችንም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጁምዓ ሰግደን እንደወጣን ከሐጂ ኑሩ ጋር ፋቲሃ ቀራን፣ ቃል ታሰረ። ሐልዋ ገዝቼ በቦዳ ቦዳ፣ እንደ ጎረምሳ ከሞተሩ ኋላ ጉብ ብዬ፣ ወደ ቤት በረርኩ።

ፋቲሃ ቀርተን መጣን ስላት፣ ለማን ነው የቀራችሁት? አለችኝ። ላንቺ ነዋ። መቼ ጠየቅከኝ? ነገርኩሽ፣ ዝም አልሽ። ነገርከኝ እንጂ አልጠየቅከኝም አባ! ዝም ያልኩት እሺም እምቢም ሆዴ ውስጥ ስላልነበረ ነው። ደብቄህ አይደለም፣ ገና አልነበረም። ያልነበረውን ከየት አምጥተህ ነው ሐልዋ የገዛህበት?

ዘሀራ፣ ሐልዋው እጄ ላይ ዘይት ተፋ።

ተቆጣሁ፣ አልዋሽሽም። እናትሽም በኒካሕ ቀን ዝም ነው ያለችው፣ በዚያች ዝምታ አርባ ዓመት ኖረናል ብዬ ጮህኩ። እሷ አልጮኸችም። ከወሎ ተነስተን ጁባ በገባን ሰሞን፣ ጉምቦ በነበረው ሠርግ በሴቶች መሀል ያልሽብኝን ግጥም ብቻ አወረደችው፦

ሰው ጓዙን ሲያነሳ ሚስቱን ያማክራል፣
የኔ ባል ግን መጥቶ ተነሽ ብቻ ይላል።

በዚያ ግጥም የተነሳ ሳምንት ሙሉ ከቤት እንዳልወጣሁ ታስታውሺ ይሆናል። ሴቶቹ ባዩኝ ቁጥር ተነሽ፣ ተነሽ ይባባሉ ነበር። ስድብ ነው ወይስ ፍቅር? ያኔ አላወቅኩም። የዚያኑ ቀን ደግሞ ጠጉሬን ቅቤ ቀብተሽኛል። ሁለቱንም ነበር መሰለኝ። ቁርጡን ለማወቅ አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃኝ ነበር፣ አልጠየቅኩሽም።

በማግስቱ ሸሪካት ሄድኩ። ቅርብ ነው፣ ያን ቀን ግን መንገዱ ተጎተተብኝ። ቃሌን አጥፌ አላውቅም፤ ይህን አገሩ ያውቃል። ሐጂ ኑሩ፣ ሙሔ አበድክ? ፋቲሃ ይፈታል እንዴ? አለኝ። ፋቲሃውን አልነካሁም፣ የሰጠሁህ የኔ ያልሆነውን ነው አልኩት። ሰው ምን ይለኛል? አለኝ። ሙሔ አረጀ በላቸው። ልጅህ አዘዘችህ? አዎ አዘዘችኝ፣ ያንተ አያዝህም? ሻይ ሳይለኝ ቀረ። በሠላሳ ዓመት ወዳጅነታችን ከደጁ ጉሮሮዬ ደርቆ ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት ገብቼ እንደሚገባ ጠየቅኳት። ቆሜ ሳይሆን ተቀምጬ። ፊቴንም አልከሰከስኩም፣ አልፈገግኩምም፣ መልሱን እንዳላበላሸው። ሰዓዳ፣ ኢድሪስን ትፈልጊዋለሽ? እሺ ብትይም ልጄ ነሽ፣ እምቢ ብትይም ልጄ ነሽ አልኳት። ቆየች። ዝምታዋን አልተረጎምኩም፤ እንዲህ ሳደርግ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። በመጨረሻ፣ አሁን ስትጠይቀኝ አወቅኩት፣ አልፈልገውም አባ አለች። ጥርት ያለ እምቢ! አፏ ላይ ያንቺን አፍ አየሁ። ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ።

ሐጂ ኑሩ ሁለት ጁምዓ ሰላምታ ነሳኝ። በሦስተኛው ሱቄ ድረስ መጥቶ በርጩማ ሳበና፣ ሙሔ፣ ኢድሪስን ጠየቅኩት አለኝ። ምን አለ? ሌላ ነው የሚወደው! ይፈልጋታል ያልከኝ አንተ አይደለህም? ስለው፣ ዝም ሲል ጊዜ ነዋ! አለኝ። ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለት ዝም ያሉ ልጆች፣ አንድ ፋቲሃ። ሱኩ፣ ገበያው መሀል ተደጋግፈን ሳቅን። ገበያተኛው ምን ሆኑ እያለ ያየን ነበር። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም አልኳቸው።

ዘሀራ፣ እስከ ዛሬ ሰው ፊት ሳነሳሽ፣ ዝም ብላ እሺ ያለችኝ እያልኩ ስመካ ነበር። ከእንግዲህ እንደዚያ አላነሳሽም። አልጠየቅኳትም፣ እሷ ግን በየማለዳው ተነስታ ከኔ ጋር ኖረች፣ ሲከፋት ደግሞ በግጥም አዋረደችኝ ብዬ ነው የምናገረው። ግጥሞችሽን ሰዓዳ ደብተር ላይ እያሰፈረች ነው። እኔ ደብተር አያሻኝም፣ የምሰደብባቸውን ሁሉ በቃሌ ይዣለሁ፤ እስክሞት አልረሳቸውም።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ አርባ ዓመት ዘግይቷል። ፈልገሽኝ ነበር?

መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ዝምታሽን ግን እሺ ነው ብዬ አልወስደውም። ጠይቄሻለሁ። አላህ በጀነት ካገናኘን በግጥም ትመልሺልኛለሽ፤ ስድብም ከሆነ አትሸፋፍኚው።

ባልሽ ሙሔ