ከመርከቡ አልወረድኩም

ፍራንክፈርት፣ ነሐሴ 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለጓደኛዬ እናት፣

እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ሻል አለልዎት? ናዝሬት ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። አሁንም ቦናመስ ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ልጃችን ራኬብ ስድስት ዓመት ሞላት፣ እኔም ኦስትሃፈን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ።

ደብዳቤዬን ሁልጊዜ የምታነብልዎት ዕንቁ እዚህ ላይ ቆም ትበልና አጠገብዎ ትቀመጥ። ቀጥሎ ያለውን ብቻዎን እንዲሰሙት አልፈልግም።

ባለፈው ወር ባለቤቴ ሳሮን ለኡርላውባችን፣ ለዓመት ዕረፍታችን ማለቴ ነው፣ የመርከብ ጉዞ ያዘች። እስከ ጄኖቫ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ሜዲትራንያንን በመርከብ መዞር ነው። ባሕር አይስማማኝም እያልኩ ዓመት ሙሉ እምቢ ስላት ነበር፤ የራኬብ ልመና አሸነፈኝ።

መርከቡ ወደቡ ላይ ቆሞ ሲታይ ከምንኖርበት ሕንፃ ይበልጣል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ሻንጣችንን ተቀበሉን፤ ራኬብ መዋኛ ገንዳውን አይታ አልያዝ አለች። እኔ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበርኩና የሞተሩን ንዝረት ከእግሬ ሥር ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ፣ ከመነሳታችን በፊት ተሳፋሪው ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ እንዲሰለፍ በድምፅ ማጉያ ታዘዘ። ልምምድ ነው። የራኬብን ቀበቶ አጠበቅሁላት፤ የሳሮንንም አሰርኩላት። የራሴን ግን ማጥለቅ አቃተኝ። ራኬብ ቀና ብላ አየችኝና «ፓፓ፣ ዱ አውኽ» አለች፤ አንተም ልበስ ማለቷ ነው። ጃኬቱን ወለሉ ላይ ጥዬ ወደ መውረጃው ደረጃ ሄድኩ። ደረጃው ሊነሳ ግማሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ሳሮን ልጅቷን ለጎረቤት ተሳፋሪ አደራ ብላ ተከተለችኝ። እዚያው ቆመን፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳት።

እማማ፣ ግንቦት 1983 ከአሰብ ስንሸሽ ከልጅዎ ከሰይፈ ጋር ተጠፋፋን ብዬዎት ነበር። አልተጠፋፋንም። አንድ ትንሽ ጀልባ ላይ ነበርን። ክንዱ ቆስሎ በፋሻ ስለታሰረ መዋኘት አይችልም ነበር፤ ጀልባው ላይ የተገኘውን አንድ ጃኬት እኔው ራሴ አለበስኩት። የመን ሳንደርስ ጀልባው ተገለበጠ። ከጠዋት እስከ ቀትር ውኃው ላይ አብረን ነበርን። ዓሣ አጥማጆች ሲያነሱኝ ብቻዬን ነበርኩ። ጃኬቱ እኔ ላይ ነበር።

ቀይ መስቀልን ጠየቅሁ እያልኩ የጻፍኩልዎትም ውሸት ነው።

ሳሮን አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። «ስምንት ዓመት በር በሩን የምታይ እናት አለች። ለእሷ ንገር» አለችኝ። ደረጃው ክፍት ነበር፤ ወርጄ ባቡር መያዝ እችል ነበር። ወርጄ ግን የት እደርሳለሁ? ተመልሼ ጃኬቱን ከወለሉ አነሳሁ፤ ለበስኩት፣ ራኬብ አጠገብም ተሰለፍኩ። መርከቡ ከወደቡ ሲላቀቅ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልዎት ቆርጬ ነበር።

ከእንግዲህ ከየመን የመጣውን ሰው ሁሉ አይጠይቁ። እርምዎን ያውጡ፤ ፍትሐቱንም ያስደርጉለት። እኔ ሰኞ ለጉዞ ወረቀቴ ቢሮ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለቴ ነው፣ አለኝ፤ ለጥምቀት እመጣለሁ። ሳሮን አብሬህ ልሂድ ብላኝ ነበር፤ ይህን ብቻዬን ነው የምሄደው አልኳት። በርዎን ቢዘጉብኝ ደጅዎ ላይ እቆማለሁ። ቢከፍቱልኝ፣ የሚጠይቁኝን ሁሉ፣ እዚህ ያልጻፍኩትንም ጭምር፣ ዓይንዎን እያየሁ እመልሳለሁ።

ያጽናዎት ለማለት እኔ አፍ የለኝም። እሱ ፈጣሪ ግን ያጽናዎት፣ ዕድሜም ይስጥዎት።

«ልጄ» ይሉት የነበረው፣
የልጅዎ ጓደኛ